ከአራስ ጎጆ እስከ ፓጊያ፤ ያለ ቀናቸው የተወለዱ ልጆቻችን

በዕብራይስጥ ቀኑ ሳይደርስ የተወለደ ሕፃን «ፓግ» ይባላል። እንዲህ ያሉ ሕፃናት የሚታከሙበት የሆስፒታል ክፍል ደግሞ «ፓጊያ» ነው። ቃሉን መጀመሪያ የሰማሁት እዚህ ሐይፋ ውስጥ ለአንዲት አራስ እንዳስተረጉም ሆስፒታል በተጠራሁ ጊዜ ነው። ትርጉሙ ስላልገባኝ «የታመመ ሕፃን» ብዬ አሳለፍኩት። ማታ ዕብራይስጥ የሚያስተምሩ አንድ ጎረቤቴን ብጠይቃቸው ፈገግ ብለው፣ «ፓግ ማለት እኮ ያልበሰለ በለስ ነው፤ ከመኃልየ መኃልይ የመጣ ቃል ነው» አሉኝ። እኔም በልጅነቴ ሾላ ዛፍ ሥር ስንጫወት ነፋስ ያረገፈውን ጥሬ ፍሬ እያነሳን የምንወራወርበት ትዝ አለኝ። ጥሬ ሾላ አንዴ ከረገፈ አይበስልም። ታዲያ እነዚህ ሰዎች የረገፈውን አንስተው የሚያበስሉበት ክፍል አላቸው ማለት ነው ብዬ ተገረምኩ።

እኛ አገር ለእንዲህ ያለ ልጅ የተለየ ስም አልነበረንም። «ያለ ቀኑ የመጣ» ይባላል፣ ወይም ወሩ ተቆጥሮ «የሰባት ወር ልጅ» ይባላል፤ ከዚያ በላይ ወሬው አይነሳም። ልጁ ከኖረ ሰው ይረሳዋል፤ ከሞተም ዝም ይባላል። እኔም ብዙ ዘመን ዝም ካሉት አንዱ ነበርኩ። አሁን ግን ዕድሜዬ ሰባን አልፏል፤ ልጆቻችን እዚህ አገር እንዲህ ያሉ ሕፃናት እየወለዱ በፓጊያ በር ላይ ሲጨነቁ አያለሁ። ስለዚህ ከወገራ መንደራችን ጀምሬ እስከ ሐይፋ ያየሁትንና የተማርኩትን ላስቀምጥላችሁ። የኢትዮጵያን አቆጣጠር ስጠቀም «ዓ.ም.» እላለሁ፤ ሌላው በፈረንጆች ነው።

የቤተ እስራኤልን የአራስ ሥርዓት እዚህ የተወለዱት ልጆች አያውቁትም። ሴት ምጥ ሲይዛት ከቤቷ ወጥታ ከመንደሩ ዳር ወዳለው የመርገም ጎጆ ትሄዳለች። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 12 መሠረት ወንድ ከወለደች 7 ቀን፣ ሴት ከወለደች 14 ቀን እዚያ ትቆያለች። ከዚያ ወደ አራስ ጎጆ ተዛውራ ለወንድ 40፣ ለሴት 80 ቀን ትሞላለች። ጎጆው ዙሪያውን በድንጋይ የተከበበ ነው። ባልም ሆነ ሌላ ንጹሕ ሰው ድንጋዩን አያልፍም፤ ምግቧ ከውጭ ይቀመጥላታል። ቀኗ ሲሞላ ወንዝ ወርዳ ልብሷንና ገላዋን ታጥባ፣ ቄሱ መጽሐፈ አርድእትን አንብበውላት፣ ጀምበር ስትጠልቅ ቤቷ ትገባለች።

ይህ ሥርዓት ጥሩም ክፉም ጎን ነበረው። አራስ ውሃ አትቀዳም፣ እህል አትፈጭም፣ ታርፋለች፤ ሕፃኑም ከገላዋ አይለይም። ብዙ ሰው ስለማይገባባት በሽታም እንደ ልቡ አይገባም። ገላችንን አዘውትረን ስለምንታጠብ ጎረቤቶቻችን «ውሃ ውሃ ይሸታሉ» ይሉን ነበር፤ እንደ ስድብ ነበር የሚቆጠረው። ክፉው ጎን ግን ጎጆው ነው። ግድግዳው ሳስቶ ንፋስ ያስገባል፤ የወገራ ብርድ ደግሞ አጥንት ሰርስሮ የሚገባ ነው። ቀኑን ጠብቆ ለተወለደ ልጅ ይበቃ ይሆናል። ሳይደርስ ለመጣ ልጅ ግን አይበቃም።

በ1964 ዓ.ም. ጥር ላይ ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን ሰባተኛ ወሯን ሳትጨርስ ወለደች። እኔ ዳዊት ደግሜ፣ ኦሪት ጀምሬ፣ ገና ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከድንጋዩ ውጭ ቆሜ እናቴ ከውስጥ ወሬ ታቀብለኛለች። «ወንድ ነው፤ ግን የድመት ግልገል ያህላል» አለችኝ። ቀጥላም «ባዘቶ አምጣ» አለች። ያለንን ባዘቶ ጥጥ ሁሉ ሰብስቤ ድንጋዩ ላይ አስቀምጬ ተመለስኩ። በባዘቶው ጠቅልለው ከእሳቱ አጠገብ አስተኙት። ጡት መሳብ አልቻለም፤ እናቴ የባለቤቴን ወተት በጣቷ እየነከረች ከንፈሩን ታስነካው ነበር። ሌሊት ድምፁ ይሰማኛል፤ እንደ ጫጩት ነው። በአራተኛው ቀን ጠዋት ድምፁ ጠፋ።

ስምንት ቀን ስላልሞላው አልተገረዘም፤ ስምም አልወጣለትም። እኔና አጎቴ ቀበርነው። ሬሳ የነካ ሰው በኦሪት ሕግ ሰባት ቀን ይረክሳልና ሁለታችንም ከመንደር ውጭ ተቀመጥን። እንግዲህ አስቡት፤ እሷ በአንዱ ጎጆ፣ እኔ በሌላው፣ በመካከላችን የታጨደ የገብስ ማሳ። ጭሷን አያለሁ፤ ጭሴን ታያለች። ልጄን በሕይወት እያለ አላየሁትም። ያቀፍኩት ሞቶ ነው። ለቅሶ የደረሰ ሰው አልነበረም። እናቴ «ገና ልጆች ናችሁ፤ እግዚአብሔር ሌላ ይሰጣችኋል» አለችን። ሰጠንም፤ ስድስት ልጅ ወለድን። ባለቤቴ ግን ከዚያ በኋላ ባዘቶ በእጇ ነክታ አታውቅም። ጥጥ ስትፈትል እንኳ ሌላ ሴት አዘጋጅታ ትሰጣታለች። ለምን ብዬ አልጠየቅኋትም። እሷም አልነገረችኝም።

በመንደራችን «የሰባት ወር ልጅ ይኖራል፤ የስምንት ወር ልጅ ግን አይኖርም» ይባል ነበር። የእኛ ሴቶች ወሬ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ በጥንቱ ግሪክ ሐኪም በሂፖክራተስ ስም በሚጠሩት መጻሕፍት ውስጥ እንኳ ስለ ስምንት ወር ልጅ የተጻፈ አለ። እኛ ያልነበረን ታልሙድም ያውቀዋል። ሻባት በሚባለው ክፍል፣ 135ኛው ቅጠል ላይ፣ የስምንት ወር ልጅ እንደ ድንጋይ ተቆጥሮ በሰንበት ከቦታው እንዳይነሳ ተወስኗል። ሆኖም ወተቱ እንዳይጎዳት እናቱ ጎንበስ ብላ እንድታጠባው ተፈቅዶላታል። ይህን ስማር የእናቴ ጣት ታየኝ። ልጁን ድንጋይ ያለው ሕግ እንኳ ለእናቱ መንገድ ትቶላታል። ዛሬ እንዲህ ብሎ የሚፈርድ የለም። ሐኪሞችም ነገሩ የተገላቢጦሽ መሆኑን አረጋግጠዋል፤ በማህፀን የቆየበት እያንዳንዱ ሳምንት የመኖር ዕድሉን ይጨምርለታል።

ሙሉ እርግዝና 40 ሳምንት ገደማ ነው። ከ37 ሳምንት በፊት የተወለደ ያለ ቀኑ ተወለደ ይባላል፤ ከ28 ሳምንት በፊት የተወለደው ደግሞ እጅግ ቀድሞ የመጣ ነው። በ2020 በዓለም ላይ ያለ ቀናቸው የተወለዱት ሕፃናት 13.4 ሚሊዮን ያህል መሆናቸውን የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል። ከአሥር ሕፃን አንዱ ማለት ነው። ስለዚህ ነገሩ የአንድ ቤት እርግማን አይደለም፤ በየቤቱ አለ።

ዓለም እነዚህን ሕፃናት ማዳን የጀመረው ከዶሮ ተምሮ ነው ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ኤቲየን ታርኒየ የሚባል የፓሪስ አዋላጅ ሐኪም እንስሳት በሚታዩበት መናፈሻ ውስጥ የዶሮ እንቁላል የሚፈለፈልበትን የማሞቂያ ሣጥን አይቶ ለሕፃናት እንዲሠራለት አዘዘ። ከ1880 ጀምሮ በሆስፒታሉ ተጠቀመበት። በአሜሪካ ደግሞ ማርቲን ኩኒ የሚባል አይሁዳዊ ከ1903 እስከ 1943 ኒው ዮርክ ኮኒ አይላንድ በሚባለው የመዝናኛ ሥፍራ ሕፃናቱን በማሞቂያ ሣጥን አስተኝቶ ለሕዝብ ያሳይ ነበር። ተመልካቹ 25 ሳንቲም ይከፍላል፤ በዚያ ገንዘብ ሕፃናቱ ይታከማሉ፤ ወላጅ ግን አንድም አይከፍልም። ሰው በትርኢት መካከል ሕፃን ማሳየቱን ሲሰማ ይሰቀጥጠዋል። ግን በዚያ ዘመን ብዙ ሆስፒታሎች የማይቀበሏቸውን እሱ ተቀብሎ ብዙዎቹን አድኗል።

ሙቀት ብቻውን ግን አይበቃም፤ ችግሩ ሳንባ ነው። ሳንባ ሲተነፍስ እንዳይጣበቅ የሚያደርግ አረፋ መሰል ነገር በውስጡ አለ። ሳይደርስ በተወለደ ልጅ ሳንባ ውስጥ ይህ አለመኖሩን በ1959 ያሳየችው ሜሪ ኤለን ኤቨሪ የምትባል አሜሪካዊት ሐኪም ናት። በነሐሴ ወር 1963 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የጆን ኬኔዲ ልጅ ፓትሪክ ከአምስት ሳምንት ተኩል ቀድሞ ተወልዶ በ39 ሰዓቱ የሞተው በዚሁ የሳንባ ችግር ነው። የዚያን ያህል ኃይል ያለው አባት ልጁን አላዳነም። ከዚያ ኒውዚላንድ ውስጥ ሊጊንስ የሚባል ሐኪም በነፍሰ ጡር በጎች ላይ ሲመራመር፣ መድኃኒት የተሰጣቸው በጎች ያለ ቀናቸው የወለዷቸው ግልገሎች ከተጠበቀው በላይ ሲተነፍሱ አየ። ከባልደረባው ከሃዊ ጋር በሴቶች ላይ ሞክሮ ለእናት ከመውለዷ በፊት የሚሰጥ መርፌ የልጁን ሳንባ እንደሚያበረታ አሳወቁ። ይህ የታተመው በ1972 ነው። የመጀመሪያ ልጃችን በሞተበት በዚያው የፈረንጆች ዓመት መሆኑ ነው። እኔ ያን ጊዜ በግ አርቢ ነበርኩ። ግልገሎቻችን ያለ ቀናቸው ሲወለዱ ስንት ጊዜ አይቻለሁ! ሳንባቸውን ግን ማን ያስባል።

በ1984 በሱዳን በኩል ስንመጣ የሆነውን ብዙ ሰው ጽፎታል፤ እኔ አልደግመውም። በመንገዱና በሱዳን መጠለያዎች ወደ 4,000 የሚጠጋ ወገናችን አለቀ። ከእነሱ ውስጥ በእግር ጉዞ ድካምና በረሃብ ያለ ቀናቸው የተወለዱ ሕፃናት ስንት እንደነበሩ የቆጠረ ማንም የለም። ስም ሳይወጣላቸው ነው የቀሩት። በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ጊዜ ደግሞ ነገሩ ተለወጠ። በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ ተጓጓዘ። በአንድ ቦይንግ 747 ብቻ 1,088 ሰው ተጭኖ ነበር፤ ከእነሱ ሁለቱ በበረራው ላይ የተወለዱ ሕፃናት ናቸው።

እንግዲህ ከአራስ ጎጆ የወጣች ሴት በአንድ ቀን ከማሞቂያ ሣጥን ፊት ቆመች። ያን ጊዜ ነው እኔ ለማስተርጎም የተጠራሁት። ሆስፒታሉን አልጠራውም፤ ዓመታት አልፈዋል፤ ሰዎቹም ክፉ አልነበሩም። ልጅቱ ከተወለደች ሦስተኛ ሳምንቷ ነው፤ እናትየው ግን ፓጊያ ውስጥ እግሯን አላስገባችም። ሠራተኞቹ ልጇን ጥላታለች ብለው ማኅበራዊ ሠራተኛ ጠርተው ወረቀት ተጀምሯል። እናትየውን ያገኘኋት ከካራቫን ሰፈር መጥታ በኮሪደሩ ጫፍ መሬት ላይ ተቀምጣ ነው። በየቀኑ ሁለት አውቶቡስ ቀይራ እየመጣች እዚያ ትቀመጣለች። «ለምን አትገቢም ልጄ?» ብላት፣ «አባባ፣ ሰማንያ ቀኔ አልሞላም እኮ፤ ረክሼ ነጭ ልብስ በለበሱት ሰዎች መካከል እንዴት ልግባ? የሌላውን ሰው ልጅስ ባረክስ?» አለችኝ። እነሱ መጥላት ያሉት እሷ ዘንድ ማክበር ነበር።

አንዱን ቄሳችንን በስልክ ጠየቅኋቸው። ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ፣ «እዚያ ጎጆ ውስጥ ልጁ ከእናቱ ጋር ነበር እንጂ ብቻውን አልነበረም። ይህችም ከእናቷ ጋር ትሁን። ነፍስ ማዳን ይቀድማል» አሉ። ይህን ለእናትየውም ለሐኪሞቹም አስረዳሁ። እጇን እስከ ክርኗ ታጥባ ገባች። ነርሷ አስተጣጠቧን አይታ «ይህችን ማስተማር አያስፈልግም» አለች። እኔም «ውሃ ውሃ ይሸታሉ» ብለው የሰደቡን ትዝ አሉኝ። ያ ወረቀት ተዘጋ፤ ልጅቱም አደገች። እንዲህ ያለው አለመግባባት ብዙ ስለነበር ነው በኋላ በጤና ጣቢያዎች በቋንቋችን የሚያስረዱ ከእኛው የተመለመሉ ሰዎች የተቀጠሩት።

በ2014 ነገሩ ወደ ቤቴ ተመለሰ። ልጄ በ27ኛ ሳምንቷ ምጥ ያዛት። ያ የበጎቹ መርፌ ሁለት ጊዜ ተሰጣት። የተወለደችው ልጅ 940 ግራም ነበረች፤ አንድ ኪሎ ስኳር እንኳ አትሞላም። ቆዳዋ ከመቅጠኑ የተነሳ ሥሯ ይታያል። መተንፈሻ ተገጠመላት፤ የእናቷ ወተት ታልቦ በቀጭን ቱቦ ይወርድላት ነበር። በየሦስት ሰዓቱ ሌሊት እየተነሳች ስታልብ ልጄን አየኋት። የዚያን ሰሞን ፓጊያ ውስጥ ያለ ወላጅ በግራም ነው የሚኖረው። ዛሬ 20 ግራም ጨመረች ከተባለ ሠርግ ነው፤ ነገ 15 ከቀነሰች ለቅሶ ነው። መሣሪያው በጮኸ ቁጥር የወላጅ ልብ ይቆማል። ሌላው ወላጅ ልጁን ይዞ ከሆስፒታል ሲወጣ እነሱ ባዶ እጃቸውን ይወጣሉ። ዘመድ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» በሚባልበት አገር ያደገውም፣ በእኛ ወግ ያደገውም፣ ምን እንደሚል ይጠፋዋል። ደስ ይበል ወይስ ይዘን? ከዓይን ይሰውራት ብለው ብዙዎች ለሰው አይናገሩም፤ ያን ጊዜ ብቸኝነቱ ይብሳል።

በሁለተኛው ሳምንት ነርሷ አማቼን ሸሚዙን አስወልቃ ልጅቱን ደረቱ ላይ አስተኛችለት። «ኬንጉሩ» ይሉታል። ይህ ዘዴ የተጀመረው በሀብታም አገር አይደለም። ኮሎምቢያ፣ ቦጎታ ውስጥ ማሞቂያ ሣጥኑ አልበቃ ሲል፣ ሬይ እና ማርቲኔዝ የሚባሉ ሐኪሞች በ1970ዎቹ መጨረሻ እናቶች ልጆቻቸውን በገላቸው እንዲያሞቁ አደረጉ። በአገራችንም በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፕሮፌሰር ቦጋለ ወርቁ እና ባልደረባቸው ይህንኑ ፈትነው በ2005 አሳትመዋል። ከ2,000 ግራም በታች ከሆኑ ሕፃናት 62ቱን ከተወለዱ በሰዓታት ውስጥ በእናት ገላ፣ 61ዱን በተለመደው መንገድ ተንከባከቧቸው። በእናታቸው ገላ ከነበሩት ከመቶ 23 ያህሉ ሲሞቱ፣ ከሌሎቹ ከመቶ 38ቱ ሞቱ። በኋላም በ2021 በአምስት አገሮች የተደረገ ትልቅ ጥናት፣ ልጁ እስኪረጋጋ ሳይጠበቅ ወዲያው በእናት ገላ ቢደረግ ሞት በሩብ እንደሚቀንስ አሳየ።

ሆኖም የወገራ እናት ዛሬም ችግር ላይ ናት። ጎንደርን ጨምሮ በአምስት የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ተጠንቶ በ2019 በታተመው ጥናት፣ ያለ ቀናቸው ተወልደው ሕክምና ክፍል ከገቡ 3,852 ሕፃናት 1,109ኙ በ28 ቀን ውስጥ ሞተዋል። ትልቁ ገዳይ ያ የሳንባ ችግር ነው፤ ቀጥሎ ኢንፌክሽን። እኛ ዘንድ 940 ግራም የሆነች ልጅ የምትድነው እኛ ስለተሻልን አይደለም፤ መሣሪያውና ነርሱ ስላለን ነው።

አሁን ይህን ሁሉ ወዳስጻፈኝ ነገር ልምጣ። አማቼ ሥራ የገባ ዕለት ነርሷ ባለቤቴን «ሳብታ፣ አንቺ ያዣት» አለቻት። ባለቤቴ አመነታች፤ ከዚያ ቀሚሷን ከፍታ ልጅቱን ደረቷ ላይ ተቀበለቻት። እኔ በመስታወቱ በኩል ቆሜ ነበር፤ የሰማንያው ቀን ነገር ያልለቀቀኝ እኔ ነበርኩ። ጥቂት ቆይታ ባለቤቴ ማልቀስ ጀመረች። ነርሷ ደንግጣ አስተርጉም ብላ ጠራችኝ። እጄን ታጥቤ ገባሁ።

«የሱም ገላ እንዲህ ነበር» አለችኝ። ምን እንደምታወራ ወዲያው ገባኝ። «እናትህ ሲተኙ ሌሊት ሌሊት ከባዘቶው አውጥቼ ደረቴ ላይ አስተኛው ነበር። ዝም ይላል፤ ትንፋሹ ይስተካከላል። ሲነጋ መልሼ እጠቀልለዋለሁ። ከባዘቶው ስላወጣሁት ነው የሞተው። እኔ ነኝ የገደልኩት።» አርባ ሁለት ዓመት! ስድስት ልጅ ስትወልድ፣ ሱዳንን በእግሯ ስታቋርጥ፣ ይህን ተሸክማ ነበር። እኔ ደግሞ ባዘቶ ስትሸሽ እያየሁ አንድ ቀን አልጠየቅኋትም።

ለነርሷ አንድ ሳላስቀር አስተረጎምኩላት። ነርሷ ተንበርክካ የባለቤቴን ጉልበት ይዛ፣ «ንገራት፤ በዚያ ቦታ ላይ እኔ ብሆን የማደርገው ያንኑ ነው። አሁን እያደረግን ያለነውም ያንኑ ነው። ልጁ ሳንባው አልደረሰም ነበር፤ እሷ የሰጠችው ሙቀት ግን ካገኘው ሁሉ የተሻለው ነው» አለች። አስተረጎምኩ። ባለቤቴ ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። ከዚያ ልጅቱን እንዳቀፈች ዝም አለች፤ መሣሪያውም አልጮኸም።

የልጅ ልጃችን 71 ቀን ቆይታ ወጣች። ዛሬ መነጽር ታደርጋለች፣ ትንሽ ቶሎ ይደክማታል፣ ምላሷ ግን ከሁላችን ይፈጥናል። በዚያ ዓመት ጥር ላይ እኔና ባለቤቴ ለመጀመሪያው ልጃችን ስም አወጣንለት። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ የቤት ነው።

ለወጣት ወላጆቻችን የምለው ይህን ነው። ልጃችሁ ፓጊያ ከገባ ለሰው ንገሩ፤ ዓይን የሚባለውን አትፍሩ። እጃችሁን ታጥባችሁ ግቡ፤ ደረታችሁን ስጡት፤ ያልገባችሁን ጠይቁ፣ አስተርጓሚ ካስፈለገም እኛ አለን። ልጁ ባይተርፍም ባልና ሚስት በአንድ ቤት ተቀምጣችሁ አልቅሱለት፤ ስም አውጡለት። አባቶች ሆይ፣ እናንተም የሚስታችሁን ዝምታ አይታችሁ አትለፉ፤ ጠይቋት። እኔ በአርባ ሁለት ዓመቴ ነው የጠየቅኋት፤ ያውም ነርስ አስገድዳኝ።